የአያትሽን ፎቶ አትውጊው፤ ኮፒው ላይ ጥለፊ

ጥያቄው ከአንዲት የ28 ዓመት አንባቢ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አስቀምጫለሁ።

«አያቴ በ1958 ዓ.ም. ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ እኔ ጋ ነው። ትንሽ ናት፣ 6 በ9 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው። ጠርዙ እንደ ዳንቴል ተቆርጧል። ጀርባው ላይ በእጇ የጻፈችው ነገር አለ። አያቴ አምና አረፈች። በቅርቡ ደግሞ የኮትዲቯሯን አርቲስት የጆአና ሹማሊን ሥራዎች አየሁ። ፎቶ ላይ በክር ትጠልፋለች። እኔም የአያቴን ቀሚስ ጥለት በቀለም ክር ልጠልፍበት አሰብኩ። ጥልፍ ከእናቴ ተምሬያለሁ። አንድ ዘመዴ ‹መጀመሪያ ላሚኔት አስደርጊው፣ አይቀደድም› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በስፌት ማሽን ቶሎ ያልቃል ትላለች። የትኛው ይሻላል? ምን ዓይነት ክር ልጠቀም? ካማረልኝስ ኤግዚቢሽን ላይ ላቀርበው ወይም ልሸጠው እችላለሁ?»

ኦሪጅናሉን አትንኪው። ላሚኔት አታስደርጊው። በእጅም ሆነ በማሽን አትውጊው። ጥሩ ኮፒ አሠርተሽ ኮፒው ላይ ጥለፊ። ዋናው መልስ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ምክንያቱንና አሠራሩን እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሹማሊ የያዝሽውን ሐሳብ ላስተካክል። ብዙ ሰው ሥራዋን በስልክ ሲያይ የቆየ ፎቶ አንስታ መርፌ የሰካችበት ይመስለዋል። እሷ ግን አንድ ለእናቱ የሆነ ፎቶ ላይ አይደለም የምትጠልፈው። የራሷን ፎቶ ሸራ ላይ ታሳትማለች። የምትጠልፈው ሸራው ላይ ነው። ሸራ ደግሞ ጨርቅ ነው። መርፌ ሲገባበት ክሮቹ ይገለጡለታል፣ መርፌው ሲወጣ መልሰው ይጠጋጋሉ። አንቺ እጅ ላይ ያለው ግን ወረቀት ነው፣ ያውም ወደ 60 ዓመት የተጠጋ ወረቀት።

ሥራዋ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅምሻል። ሹማሊ እ.ኤ.አ. በ1974 አቢጃን ውስጥ ተወለደች። ካዛብላንካ ግራፊክ አርት ተማረች። ፎቶግራፍ ከመጀመሯ በፊት ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2016 እሑድ ቀን ታጣቂዎች ግራን ባሳም የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ አጠቁ። ግራን ባሳም ለአቢጃን ቅርብ ናት። ሰው እሑድ እሑድ የሚዝናናባት ከተማ ናት። ሆቴሎቹና የባሕሩ ዳርቻ ላይ ከ15 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ሹማሊ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደዚያች ከተማ ሄደችና በስልኳ ፎቶ አነሳች። ያነሳችው ፍርስራሽ ወይም ደም አይደለም። ብቻቸውን የሚሄዱ፣ ብቻቸውን የቆሙ፣ ሐሳብ ይዟቸው የተቀመጡ ሰዎችን ነው።

ሥራውን «ሳ ቫ አሌ» አለችው። ወደኛ ቋንቋ ስናመጣው «ደህና ይሆናል» እንደማለት ነው። እዚያ አገር ሰው የሆዱን ላለማውራት የሚላት ቃል ናት። እኛስ «ምን ይደረግ፣ ያልፋል» ብለን ስንቱን ነገር እንዘጋለን? ሹማሊ እነዚያን ፎቶዎች ሸራ ላይ አሳትማ ቁጭ ብላ ጠለፈችባቸው። እያንዳንዱ ስፌት ለእሷ ከሐዘን የማገገሚያ መንገድ እንደነበር ተናግራለች። ክሩ ፎቶውን ለማስጌጥ የገባ አይደለም። ያላለቀሰችውን ልቅሶ ቀስ አድርጋ ያወጣችበት ጊዜ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 ፕሪ ፒክቴ የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ሽልማት አገኘ። የዚያ ዓመት ርዕስ «ተስፋ» ነበር፣ ሽልማቱም 100,000 የስዊስ ፍራንክ። ያሸነፈችው ለንደን በቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ነው። ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንቺም ሐዘን ላይ ነሽ። አያትሽ ካረፉ ገና ዓመት ቢሆን ነው። መርፌና ክር ያማረሽ ለዚህ ይመስለኛል። ጥሩ ነገር ነው፣ አድርጊው። ግን ሐዘን ላይ ያለ እጅ ይቸኩላል። ተቻኩሎ የተወጋ ፎቶ ደግሞ መመለሻ የለውም።

አሁን ስለ ወረቀቱ። የ1958 ፎቶ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ላይ የታተመ አይሆንም። የላስቲኩ ወረቀት ገበያ ላይ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ያንቺ ፎቶ ከታች ወረቀት አለው፣ በላዩ ባራይታ የሚባል ነጭ የማዕድን ሽፋን፣ ከዚያ በላይ ጄላቲን። ምስሉን የሠራው ብር ጄላቲኑ ውስጥ ነው ያለው። ጄላቲን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ነገር ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፎቶዎች በበጋ ጥቅልል የሚሉት ለዚህ ነው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ደርቆ ተሰባሪ ይሆናል። መርፌ ሲገባበት እንደ ጨርቅ አይገለጥም፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን መጀመሪያ ላይ በዓይንሽ አታይው ይሆናል። አጉሊ መነጽር ብታደርጊበት ግን ከቀዳዳው ዙሪያ ወደ ውጭ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ታያለሽ። ወራት ሲያልፉ ከመስመሮቹ ጠርዝ ጄላቲኑ መላጥ ይጀምራል።

ሁለተኛው አደጋ የቀዳዳው ብዛት ነው። የፖስታ ቴምብር እንዴት እንደሚቀደድ አስቢ። ቴምብሩ የሚለቀው በቀዳዳዎቹ መስመር ላይ ነው። ጥለት ስትጠልፊ የምትሠሪው እሱኑ ነው። የተቀራረበ፣ ቀጥ ያለ፣ ረጅም የቀዳዳ መስመር።

ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። የዛሬ 20 ዓመት አካባቢ፣ ሥራውን ገና ስጀምር፣ የአክስቴ የሠርግ ፎቶ ላይ የአንገት ሐብሏን በወርቃማ ክር ጠልፌ ነበር። ቀዳዳዎቹን በ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው የበሳሁት። ሲያልቅ አማረብኝ። ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ለልጇ ሰጠሁ። በሁለተኛው ክረምት ደውላ ጠራችኝ። ፎቶው በሐብሉ መስመር ላይ ተቀዷል። ክሩ በደህና አለ፣ ወረቀቱ ነው የለቀቀው። የአክስቴ ራስ ከትከሻዋ በቀጭን ወረቀት ብቻ ተያይዞ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ከጀርባው በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በስታርች ሙጫ ደገፍኩት። ቅዳዱ ግን ዛሬም ይታያል። ያ ፎቶ ኔጋቲቭ አልነበረውም፣ ሌላ ኮፒም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ማንም ኦሪጅናል ይዞ ቢመጣ «ይቺን ኮፒ እናድርጋትና ከዚያ እናውራ» ነው የምለው።

የዘመድሽ ምክር ከቀና ልብ የመጣ ነው፣ ግን ከመርፌውም የባሰ ነው። ላሚኔሽን ፎቶውን በሙቀት ይጋግረዋል። ሙጫው ጄላቲኑ ላይ ይቀልጥና አብሮት አንድ ይሆናል። ከዚያ ልላጠው ብትይ ምስሉ ከላስቲኩ ጋር ተላጦ ይመጣል። በዚያ ላይ ላስቲክ የደረበ ወረቀት ሲወጋ መቀደዱ አይቀርም። አንዳንዶች ደግሞ ፎቶውን ውኃ ውስጥ ነክሮ ማለስለስ የሚባል ነገር ይመክራሉ። ይህንንም ብትሰሚ እሺ እንዳትዪ። የራሰ ጄላቲን በጥፍር ይፋቃል። ከጀርባ ያለው የአያትሽ ጽሑፍም በእስክርቢቶ ቀለም ከሆነ ታጥቦ ይሄዳል።

«ታዲያ ኦሪጅናል ላይ የሚጠልፉ የሉም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። አሉ። ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ አንዜሪና እንግሊዛዊቷ ጁሊ ኮበርን የታወቁ ናቸው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የማያውቋቸው ሰዎች ፎቶ ይገዙና ፊቱ ላይ ቀጥታ ይጠልፋሉ። አንዜሪ ፊቱን በቀለም ክር ጨረር ሸፍኖ ዓይኖቹን ብቻ ሲተውልሽ የሰውየው እይታ ደረትሽ ላይ ይሰማሻል። በጣም የምወደው ሥራ ነው። ልዩነቱን ግን ልብ በዪ። የእነሱ ፎቶዎች ባለቤት አጥተው የተጣሉ ናቸው። ፎቶውን የሚፈልግ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የለም። ያንቺ ግን ባለቤት አለው። አንቺ አለሽ፣ እናትሽ አሉ፣ ነገ የሚወለዱ ልጆችም አሉ።

ወደ ኮፒው እንሂድ። እዚህ ላይ ጊዜ ብትወስጂ ትጠቀሚያለሽ።

ፎቶውን በስልክ አታንሺው። በጠፍጣፋ ስካነር በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገባው የነጥብ ብዛት ነው)፣ በቀለም ስካን አስደርጊው። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ይሁን፣ የዕድሜው ቡናማነት እንዳይጠፋ። 6 በ9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በዚህ መጠን ስካን ሲደረግ በ300 ዲፒአይ እስከ 24 በ36 ሳንቲ ሜትር ድረስ ጥርት ብሎ ይታተማል። ለጥልፍ የሚበቃ ስፋት ነው። ከዚያ በላይ ለማሳደግ አትጓጊ። ጀርባውንም ስካን አስደርጊ። የአያትሽ የእጅ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ቅርስ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ፊት «የሚያጠሩ» የስልክ መተግበሪያዎችን አትጠቀሚ። ደብዛዛውን ፊት ሲያዩ የራሳቸውን ዓይን፣ የራሳቸውን ከንፈር ይፈጥራሉ። ውጤቱ ጥርት ያለች ሴት ናት፣ ግን አያትሽ አይደለችም። አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ የተሠራ ፎቶ ለእናቷ አሳይታ «ይቺ ማን ናት?» ተብላለች። ብዥታው ይቆይ። ብዥታውም የእሷ ነው።

ማተሚያ ቤት ስትሄጂ ደግሞ «ሸራ ላይ አትሙልኝ» ብቻ ካልሽ ባነር የሚታተምበትን ላስቲክ ሊሰጡሽ ይችላሉ። እሱ ፕላስቲክ ነው። መርፌ ሲገባበት ቀዳዳው ክፍቱን ይቀራል፣ ክሩም ከጊዜ በኋላ ይሰርስረዋል። በግልጽ «የሠዓሊ ሸራ፣ ጥጥ» በዪ። ከዚያ ጫፉን ቆርጠሽ እዪው። በመስቀለኛ የተሠራ ክር ካየሽ ጨርቅ ነው። ካላየሽ መልሺላቸው። ቀለሙም ፒግመንት የሚባለው ይሁን። ተራው የፕሪንተር ቀለም ብርሃን ሲመታው ቶሎ ይደበዝዛል፣ እርጥብ እጅ ሲነካውም ይለቃል። ቫርኒሽ አታስቀቢው፣ ሸራውን ያደርቀዋል። ከታተመ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሳትነኪው ይደር።

ወረቀት ላይ መሥራት ከፈለግሽ ደግሞ ወፍራም፣ ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራ የማተሚያ ወረቀት አለ። ዳያን ማየር የምትባል አሜሪካዊት አርቲስት የበርሊን ግንብ ያልፍበት የነበረውን ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ተከትላ ፎቶ አነሳች። ከዚያ የታተሙት ፎቶዎች ላይ በእጇ ጠለፈች። ስፌቶቿ ትንንሽ መስቀሎች ናቸው፣ ኮምፒዩተር ላይ ምስል ሲበላሽ የሚወጡትን ካሬዎች ይመስላሉ። 43 ሥራዎች አሏት። ክሩ የተሰፋው ብዙ ጊዜ ግንቡ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ዛሬ የሌለው ነገር በክር ተመልሶ ይቆማል ማለት ነው። ወረቀት ላይም ይቻላል ለማለት ነው ይህን ያመጣሁት። ግን ለጀማሪ አልመክርም። ወረቀት ስሕተትን አይረሳም። አንቺ ልብስ ላይ የለመድሽ ስለሆንሽ ሸራው እጅሽን ቶሎ ያውቀዋል።

ስለ ማሽኑ አጭር ልሁን። ማሽን መርፌውን የሚያወርደው ሳያይ ነው። ጓደኛሽ እንዳለችው ቶሎ ያልቃል። ግን ስሕተቱም ቶሎ ነው የሚበዛው፤ አንዴ ስትረግጪ 10 ቀዳዳ ነው። የታተመ ሸራ ላይ ደግሞ የተፈታ ስፌት ቦታውን አይሸሽግም። ሸራው ላይ ቀለሙን የያዘው ሽፋን ስለሚበሳ ነጭ ነጥብ ትቶ ይሄዳል። በእጅ ሥሪው።

በእጅ ስትሠሪ የልብስ ልማድሽን በሦስት ነገር ቀይሪ። አንደኛ፣ ክብ የጥልፍ ፍሬም ውስጥ አታስገቢው። ክቡ ምልክት ህትመቱ ላይ ይታተማል፣ አይለቅም። በምትኩ ሸራውን አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም ላይ ወጥረሽ ሥሪ። ሁለተኛ፣ ቀዳዳውን አስቀድመሽ ብሺ። ሥዕልሽን ገላጭ ወረቀት (ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት) ላይ ንደፊና ኮፒው ላይ አስቀምጪው። ከዚያ በቀጭን መርፌ ከፊት ወደ ጀርባ ብሺ። የመሶብ ወስፌ አታምጪ፣ ይወፍራል። ከፊት የምትበሺው የቀዳዳው ከንፈር ከጀርባ በኩል እንዲወጣ ነው። ከጀርባ ከበሳሽው ፊት ላይ ትንንሽ ነጭ እብጠቶች ይቀራሉ። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ተዪ። ሦስተኛ፣ ክሩን አሳጥሪው። አንድ ክንድ ይበቃል። ረጅም ክር በተሸፈነ ሸራ ውስጥ ደጋግሞ ሲያልፍ ይላላል፣ ፀጉር ያወጣል። እጅሽን ታጠቢ፣ ቅባት አትቀቢ።

የክሩ ነገር። ባለ ስድስት ዘርፉ የጥጥ የጥልፍ ክር ምርጥ ነው። ግን ስድስቱን አንድ ላይ አታስገቢ። ለይተሽ አንድ ወይም ሁለት ዘርፍ ብቻ ተጠቀሚ። መርፌውም 9 ወይም 10 ቁጥር የሚባለው ቀጭኑ ይሁን። የሐር ክር ካገኘሽም ጥሩ ነው፣ ብርሃን ይይዛል። ቀይና ጥቁር ክር ቀለሙ ሊለቅ ስለሚችል መጀመሪያ ፈትኚው። ነጭ አቡጀዲ አርጥበሽ ክሩን በውስጡ ጠቅልለሽ ጨምቂው። አቡጀዲው ከቀላ ያን ክር ተይው። ሙካሽ እንደምትፈልጊ እገምታለሁ፣ የአበሻ ቀሚስ ያለ ሙካሽ አይሆንላትም ብለሽ። ሙካሽ ብረትነት አለው። ቀዳዳ ውስጥ ሲመላለስ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ላዩ ላይ አጋድመሽ በቀጭን ክር እዚህም እዚያም ያዥው እንጂ አታሳልፊው። የሱፍ ክር ደግሞ ኮፒውን ባይጎዳም ከኦሪጅናሉ አጠገብ አይቀመጥ። ከሱፍ የሚወጣው ድኝ የፎቶውን ብር ያጠቁረዋል።

አሁን ቴክኒኩን ልተውና ስለ ሐሳቡ ልናገር፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የቀሚሱን ጥለት ልጠልፍበት ነው ያልሽው። ጥለቱ ግን ፎቶው ውስጥ አለ። ያለውን ነገር በቀለም ክር ስትደግሚው ፎቶው ይጌጣል፣ አዲስ ነገር አይናገርም። ሹማሊን ደግመሽ እያት። ክሩ የገባው ጸጥታው ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ዙሪያ፣ ባዶው መንገድ ላይ፣ ሰማዩ ላይ። ከዚያ በኋላ በሠራችው «አልባያን» በተባለው ተከታታይ ሥራዋ ደግሞ ማለዳ ተነስታ እየተራመደች ያነሳቻቸውን ፎቶዎች በስስ ጨርቅ ደራርባ ጠልፋባቸዋለች። ንጋትን ስታዪ ጭጋጉ በጨርቅ መጥቷል፣ ብርሃኑ በክር። አንዱን ሥራ ለመጨረስ ወራት ይፈጃል።

ስለዚህ መርፌ ከማንሳትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ለራስሽ መልሺ። ፎቶው ውስጥ የሌለው ምንድን ነው? ምናልባት አያትሽ ፎቶ ቤት የገቡት ብቻቸውን ነው። ምናልባት ከኋላቸው ያለው የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ነው እንጂ ቤታቸው፣ ጓሯቸው፣ የቡና ረከቦታቸው አይደለም። ክሩ እሱን ይዞ ይምጣ። ወይም ጀርባው ላይ የጻፉትን በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ቅርጽ ከፊት ጥለፊው። ጽሑፉ ስካን ስለተደረገ በገላጭ ወረቀት መገልበጥ ትችያለሽ። እኔን ብትጠይቂኝ ይህንን ነው የምመርጠው። የእሳቸው እጅ የጻፈውን ያንቺ እጅ ይከተላል። ፊታቸውን ግን አትንኪው። ፊት ላይ የገባ ክር ሰውን ይሸፍናል፣ አንዜሪ የሚፈልገውም መሸፈኑን ነው። አንቺ የምትፈልጊው ማየት ነው።

መርፌውን ማን ይያዝ የሚለውም ይታሰብበት። ስፓንዲታ ማሊክ የተባለች ህንዳዊት አርቲስት ቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ፎቶ ታነሳና በእጅ የተፈተለ የጥጥ ጨርቅ ላይ ታትመዋለች። ከዚያ የምትጠልፈው እሷ አይደለችም፣ ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። አንዳንዷ ፊቷን ሸፍና ትመልሳለች፣ አንዳንዷ ራሷን በአበባ ከብባ። ጥልፍ ያስተማረችኝ እናቴ ናት ብለሻል። የአያትሽ ልጅ ናቸው እኮ! አንዱን ጥግ ለእሳቸው ብትተዪላቸውስ?

ስለ ኤግዚቢሽንና ሽያጭ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አያትሽ አሁን መፍቀድ አይችሉም። ስለዚህ እናትሽንና እህት ወንድሞቻቸውን ሰብስበሽ ጠይቂ፣ አስፈቅጂ። ሕጉ ባይኖር እንኳ የእናትን ፎቶ ግድግዳ ላይ በዋጋ ተለጥፎ ማየት ለልጅ ቀላል አይደለም። እንድታሳዪው እደግፋለሁ። ሽያጩን ግን ቢያንስ ለመጀመሪያው ሥራ ተዪው። መሸጥ ካማረሽ ራስሽ ያነሳሽውን ፎቶ ጥለፊ። ሹማሊም የምትሠራው በራሷ ፎቶ ነው።

ሲያልቅ ፍሬም ቤት ትወስጂዋለሽ። መስታወቱ ክሩን እንዳይነካ አስጠንቅቂ። በመካከሉ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። መስታወት ላይ የተጫነ ክር እርጥበት ይይዛል፣ ከዚያ ሻጋታ ይከተላል። ከጀርባ በስኮች አታስለጥፊው፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወደ ፊት ይዘልቃል። የክሩን ጫፍ እየቋጠርሽ ሳይሆን ከጀርባ ባሉት ስፌቶች ሥር እያሳለፍሽ ጨርሺ። ቋጠሮ ሸራው ሲወጠር ከፊት ጉብ ብሎ ይታያል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳና ወጥ ቤት አጠገብ አትስቀይው።

ኦሪጅናሉስ? ከአልበሙ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ውስጥ ካለ በጥንቃቄ አውጪው። አልለቅ ካለ ግን አትሳቢው፣ ከነገጹ ተይውና ለባለሙያ አሳዪው። ካወጣሽው አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ፣ ከወለል ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው።

በመጨረሻ ቁጥሩን ልንገርሽ። ሦስት ኮፒ አሳትሚ። የመጀመሪያው ላይ ተለማመጂ፣ ይበላሽ፣ አትዘኚበት። ሁለተኛው ዋናው ሥራሽ ነው። ሦስተኛው ሳይነካ እናትሽ ጋ ይቀመጥ። መጀመሪያ ወደ ስካነሩ ሂጂ። ክር መግዛቱ ይደርሳል።